የተደፋው ዳቦ

ሳኖባር የሮማኗን ቁራጭ በጣቷ ጎትታ ቦታዋ ላይ ጣል ስታደርጋት ስልኩ ጠቅ አለ። አረንጓዴዋ ነጥብም የኮክ ቁራጭ ይዛ በስክሪኑ ላይ ሽው አለች።

አረንጓዴዋ ነጥብ ታላቅ እህቷ ማስቱራ ናት። ቡኻራ ቤቷ ተቀምጣ፣ ሳኖባር ደግሞ ሳማርካንድ ሆና፣ አንዱን የተበታተነ ሥዕል አብረው ይገጣጥማሉ። ጨዋታውን በሁለቱም ስልክ ላይ የጫነችው የሳኖባር ምራት ናፊሳ ናት። ሥዕሉ ሲሞላ አረንጓዴዋ ነጥብ ደህና ዋይ እንኳ ሳትል ትጠፋለች። በእናታቸው አርባ ሳኖባር የሠራችውን ሩዝ ማስቱራ በእንግዳ ፊት «አርሯል» ካለች ወዲህ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም።

«እማማ፣ ይደውሉላቸው እንጂ፤ አርብ ደረሰ» አለች ናፊሳ ሻይ እየቀዳች።

አርብ ለሳኖባር ልጅ ለዙልፊያ ዳቦ ይቆረሳል። ዳቦው ከተቆረሰ ልጅቷ ታጨች ማለት ነው። የሚቆርሰው ደግሞ የቤተሰቡ ታላቅ እጅ ነው፤ ከማስቱራ በላይ ታላቅ የለም።

«ደውዬ ምን ልበላት? ያረረ ሩዝ አለ፣ ነይ ብዪ ልበላት?»

ሥዕሉ በየቀለሙ ክብ ክብ ሆኖ የተደረደረ ምግብ ነው፤ ሮማን፣ ኮክ፣ ዘቢብ፣ መሀሉ ላይ ዳቦ። ከዳቦዎቹ አጠገብ ያለውን ቡናማ ክብ ሁለቱም የሸክላ ሳህን መስሏቸው ሲገጣጥሙት ቆዩ። የዚሁ ክብ የመሀል ቁራጭ ብቻ ስትቀር ሳኖባር መነጽሯን ከፍ አድርጋ አየችው። የምድጃ ጥላሸት አለበት።

«ወይ ጉድ! ዳቦ እኮ ነው። በፊቱ ደፍተውት!»

«ፎቶ አይደል እንዴ፣ እማማ?»

«ፎቶስ ቢሆን? ዳቦ ይደፋል?» በዚህ ቤት ዳቦ መድፋት ነውር ነው፤ ተደፍቶ ከታየ ሕፃን እንኳ ሮጦ ያቃናዋል።

ቁራጯን ልታዞራት ሞከረች፤ አልዞር አለቻት። እጇን ሰበሰበች። እህቷ ትጨርሰው።

አረንጓዴዋ ነጥብ መጣች። ቁራጯን አንሥታ እስከ ክፍተቱ ወሰደች፣ እዚያው ቆመች፣ ከዚያ መልሳ ዳር ላይ ጣለቻት።

ሳኖባር ሳታስበው ሳቀች። ቁራጯን ወደ አረንጓዴዋ ገፋ አደረገቻት። አረንጓዴዋ መልሳ ገፋቻት። እንደገና ገፋች፤ እንደገና ተመለሰች። ወዲያው ስልኩ ጮኸ፤ ማስቱራ ናት።

«አንቺ ልጅ! ዳቦ እንድደፋልሽ ነው ወደኔ የምትገፊው?»

«ታላቅ ይቅደም ብዬ ነዋ፣ እትዬ።»

«ሩዝሽ እንጂ ምላስሽ አያርርም።»

ናፊሳ የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

«አርብ የዙልፊያ ዳቦ ነው» አለች ሳኖባር ጉሮሮዋን ጠርጋ።

«ሰምቻለሁ። ማን ይቆርሳል?»

«ሰው አጥተን ተቀምጠናል።»

«ሩዙንስ ማን ይሠራል?»

«እኔ።»

ማስቱራ በረጅሙ ተነፈሰች። «እንግዲያው ሐሙስ እመጣለሁ። እሳቱን እኔ እጠብቃለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ። የተደፋው ዳቦ መሀሉ ክፍት እንደሆነ ስክሪኑ ላይ አለ። ቁራጯ ዳር ላይ ወድቃለች፤ አረንጓዴዋ ነጥብም ከጎኗ ናት፤ አልሄደችም።