የአባት ፈቃድ

ቤታ የሚባለው ወንድ ዓሣ በአፉ አረፋ እየተፋ ጎጆ ሠራ፤ ሴቷ የጣለችውንም እንቁላል አንድ በአንድ እየለቀመ ጎጆው ውስጥ አስቀመጠ። ይህን በሳሎኑ የመስታወት ገንዳ ሲመለከት የነበረው ልሳኑ እንባው መጣ።

«አባት ማለት ይኼ ነው!» አለና መሥሪያ ቤቱ ደወለ። «ወልደናል! የአባትነት ፈቃዴን እወስዳለሁ።»

ሦስት ቀን ሙሉ ከገንዳው ፊት አልተነሣም። አረፋውን ብርድ እንዳይመታው ብሎ መስኮቱን ሁሉ አስዘጋ። በሦስተኛው ቀን፣ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ጫጩቶች መፈልፈል ሲጀምሩ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ገንፎና የሕፃን ልብስ ይዘው እልል እያሉ ገቡ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ!» አሏት ሚስቱን።

ብርነሽ በእልልታው ደንግጣ የምታለቅስ ልጇን በጀርባዋ እሹሩሩ እያለች ግራ ገባት። «ማርያምስ ምራኛለች፤ ግን ስምንት ወር ሆነኝ እኮ። ያኔ ፈቃድ ከልክላችሁት ሆስፒታል እንኳ ሳይመጣ ቀረ።»

«እኛ?» አለች ኃላፊዋ። «መቼ ጠየቀን?»

ሁሉም ወደ ልሳኑ ዞሩ። እሱ ዓይኑን ከመስታወቱ ሳይነቅል እጁን አወናጨፈ።

«ኧረ ቀስ በሉ! ልጆቼን አስደነገጣችሁብኝ!»