የደጃፍ ሽምግልና

ጨረር ያዘለው አቧራ አገሩን ካለበሰ ወዲህ፣ በር ላይ ከተሰቀለው መርጫ የአረፋ ጉም ስቦ፣ ሳንባው ውስጥ የተቀመጠውን አቧራ በሳል ሳያወጣ ማንም ቤት አይገባም።

አቶ ንጋቱ ለወንድማቸው ልጅ ሚስት ሊጠይቁ የመጡ ዕለት ሁለቱ ሽማግሌ ጓደኞቻቸው አንዴ ስለው ገቡ። እሳቸው ሦስቴ ሳሉ፤ የበሩ ጨረር ቆጣሪ ግን ጢቅ ጢቅ ማለቱን አልተወም። ሃያ ዓመት የሰፈሩን የውሃ ታንከር ጣሪያ ከአቧራ ሲጠርጉ የኖሩ ሰው ናቸው።

«እነሱ ይጨርሱት» ብለው አፍረው ዞሩ።

የልጅቷ አባት አቶ ወርቅአገኘሁ «ልጄ ገና ናት» የሚል ንግግር አዘጋጅተው ነበር። በእጃቸው የያዙትን ብርጭቆ ውሃ አዩና አስቀምጠው ወደ አቧራው ወጡ።

«ሳይጠይቁኝ የት ይሄዳሉ?»

«ልጅዎን ለልጃችን...» አቶ ንጋቱን ሳል አቋረጣቸው። ከአፋቸው የወጣ ትልቅ አረፋ በአቶ ወርቅአገኘሁ ጢም ላይ ፈነዳ። ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ።

«ሰጥቻለሁ!» አሉ አቶ ወርቅአገኘሁ ጢማቸውን እየጠረጉ።

«አንተ ሰውዬ፣ እስከ ማታ ድረስ ስትስል ልትውል ነው!» ብለው ባለቤታቸው ወይዘሮ አስናቀች ከውስጥ ጮኹ።

«ግድ የለም፣ ሁለት ወንበር አውጪልን።»

ወይዘሮ አስናቀች ሦስት ይዘው ወጡ።