የሮይስ ጠረጴዛ

ዌልደን የመጨረሻውን የዛገ የስቴፕለር ሽቦ በፒንሳ መንጭቆ አወጣና አረንጓዴውን ከፈይ ከፖከር ቁማር ጠረጴዛው ላይ ገፈፈው። ሠላሳ አራት ዓመት ቢራና የሲጋራ አመድ ሲጠጣ የኖረ ጨርቅ ነው፤ ሲነሣ እንደ እርጥብ ውሻ ሸተተ። ከሥሩ የነበረው ስፖንጅ ዱቄት ሆኖ ኮምፔርሳቶው ላይ ቀርቷል።

ሎሪን መኪናዋን ሳታጠፋ ባሏን ክንዱን ይዛ ጋራዡ በር ላይ አወረደችው።

"ፀጉሬን ተሠርቼ እስክመጣ ነው፣ ዌልደን። ሽንት ቤት ከገባ በሩን እንዳይቆልፍ። ደግሞ አትከራከረው። ያለውን ሁሉ እሺ በለው።"

"ስድሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ምን ስለው የኖርኩ መሰለሽ?"

ሎሪን አልሳቀችም። ሄደች።

ዌልደን ታላቅ ወንድሙን ከማራገቢያው ፊት አስቀመጠው፤ የቦሞንት ከተማ የሐምሌ ሙቀት ለጤነኛም አይመች። ያጠባቸውን የመጫወቻ ጠጠሮች በባልዲ አቀረበለት።

"በየቀለማቸው ለይልኝ።"

"አንተ ልጅ፣ እኔን ነው ሥራ የምታዘው?" አለ ሮይስ። ግን ጀመረ። ቀዩን በነጩ ላይ፣ ነጩን በጥቁሩ ላይ እየደረበ ቀጥ ያለ ግንብ ሠራ። ሠርቶም በሥራው ኮራ።

ዌልደን አየና ፊቱን አዞረ። አዲሱን ስፖንጅ በኮላ ለጠፈ፣ በመዳፉ ተጫነ። ዙሪያውን የሚዞረውን የክርን ማሳረፊያ ትናንት አዲስ ቆዳ አልብሶታል፤ የኩባያ ቀዳዳዎቹንም አስፍቷል። አርብ የቁማር ጓደኞቻቸው እነ ቦይድ ይመጣሉ። በነሱ ፊት ሮይስ አንዲት ነገር እንዲናገር ይፈልጋል፤ ሌላ ምንም አይፈልግም።

ይህን ጠረጴዛ ከእንጨት ምርጫው ጀምሮ የሠራው ዌልደን ነው። መጀመሪያ የተጫወቱበት ዕለት እሱ በረዶ ሊያመጣ ወጥ ቤት ገብቶ ሳለ አንዱ፣ "ይህን የመሰለ ነገር ማን ሠራው?" ብሎ ጠየቀ። ሮይስ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ፣ "እኛ ቤት ምን የማይሠራ አለ!" አለ። ሌላ አልጨመረም። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል። ከዚያ ወዲህ የከተማው ነዳጅ ማጣሪያ ሠራተኛ ሁሉ በዌልደን ጋራዥ ተቀምጦ፣ የዌልደንን በረዶ በመጠጡ ላይ እየጨመረ፣ "የሮይስ ጠረጴዛ" ሲል ኖረ።

ዌልደን አንድ ቀን አላረማቸውም። የራስን ሥራ "የኔ ነው" ብሎ መለመን ለሱ ሞት ነው። ወንድሜ ራሱ ይናገር ብሎ ጠበቀ። ሲሠራ ያዩት አባቱም ሚስቱም ሞቱ። የቀረው ምስክር ሮይስ ነው፤ የእሱም ትውስታ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየሄደ ነው።

ሰማያዊውን ከፈይ በጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ጫፎቹ ወደ ታች ተንጠለጠሉ።

"ና እስቲ በዚያ በኩል ያዝልኝ።"

ሮይስ ተነሥቶ ያዘ።

"ሮይስ።"

"እህ።"

"ይህን ጠረጴዛ ማነው የሠራው?" ድምፁ ካሰበው በላይ ቀጥኖ ወጣ።

"ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? እኔ ነኛ።"

"አስበህ ተናገር።"

"አስቤ ነው እንጂ!" ሮይስ በክርኖቹ ተደገፈ። "ግንቦት ነው። ዝናቡ አላባራ ብሎ እንጨቱ እርጥበት ጠጣብኝ። አባዬ አልጋ ሥር አስተኝቼ አደረቅሁት። ሞላላውን ለማስመር ሁለት ሚስማር መታሁና ገመድ አስሬ እርሳሱን አዞርኩት። ጨርቁን ደግሞ መጀመሪያ ከጫፍ ጀምሬ ተሸበሸበብኝ። ነቀልኩት። ከዚያ ከመሐል ጀመርኩ። አንድ በዚህ፣ አንድ ፊት ለፊቱ፣ አንድ በዚህ..." በጣቱ ጠርዙን እየነካ አሳየ።

ዌልደን ሽቦ መምቻውን እንደያዘ ቀረ። አንድም ስሕተት የለውም። ገመዱ፣ ሁለቱ ሚስማሮች፣ የአባታቸው አልጋ። ያን ሰሞን ሮይስ ቢራውን ይዞ በር ላይ ተደግፎ፣ "እንዴት ዋልክ፣ አናጢው ዮሴፍ!" እያለ ሲያላግጥበት ነበር የከረመው። እንዲህ ልብ ብሎ ሲያየው እንደነበር ዌልደን አላወቀም።

"መጋዙም በላኝ" አለ ሮይስ። "አውራ ጣቴን። አሥራ አንድ ቦታ ነው የተሰፋሁት።"

ሊያሳይ ግራ እጁን አነሣ። ገለበጠው። ቀኙን አነሣ።

"እዚህ ነበር።" ወደ ብርሃኑ ወሰደው። "እዚህ ነበር እኮ፣ ልጅ። የት ሄደ?"

ጣቶቹን አንድ በአንድ ደጋግሞ ይፈትሻል፤ ሲጨርስ እንደገና ካንደኛው ይጀምራል።

ዌልደን ግራ እጁን በተንጠለጠለው ጨርቅ ሥር አስገባ። ከአውራ ጣቱ ጫፍ እስከ አንጓው የወረደው ጠባሳ ከሰማያዊው ከፈይ በታች ገባ። በቀኝ እጁ የወንድሙን ጣት ያዘ። ምንም ያልነካው፣ ለስላሳ ጣት ነው።

"ድኗል" አለው። "ጥሩ ሐኪም ነው የሰፋህ። ምልክትም አልተወ።"

"ጥሩ ነበር?"

"እጁ ወርቅ ነበር።"

ሮይስ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ጣቱን አንዴ አየና በሱሪው ጠረገው። ከዚያ እጁን ዘረጋ።

"በል አምጣ መምቻውን። አንተ አታውቅበትም፤ እኔ ልምታ፣ አንተ ወጥር።"

ዌልደን ሰጠው። ግራ እጁን ከጨርቁ ሥር ሳያወጣ፣ ከፈዩን ጨምድዶ ወደ ራሱ ሳበ። በወዲያኛው በኩል የመጀመሪያው ሽቦ እንጨቱ ውስጥ ገባ፤ ልክ መሐሉ ላይ።