ኮሪደር ላይ የተሠራው አውሮፕላን

ታናሽየው በልብስ ፋብሪካ ሥራ አግኝታ እህቷ ወደምትኖርበት ከተማ ስትመጣ፣ የያዘችው ሁለት ሻንጣና አንድ የስፌት መኪና ነበር። "ቤት እስካገኝ ነው እትዬ" አለች። ታላቅየው እቅፍ አድርጋ ሳመቻት። "የምን ቤት ፍለጋ ነው፤ ይሄ ቤትሽ አይደል?" አለቻት።

ቤቱ ጠባብ ነው። በአንደኛው ክፍል ባልና ሚስት ይተኛሉ፤ በሁለተኛው ባልየው የፕላስቲክ አውሮፕላን ይገጣጥማል። ሥራው ሰዓት ሠሪነት ነው። ቀኑን ሙሉ በሰው ሰዓት ላይ አቀርቅሮ ይውልና ማታ ደግሞ በራሱ አውሮፕላኖች ላይ ያቀረቅራል። ቁርጥራጮቹን ከካርቶኑ አውጥቶ በምላጭ ያስተካክላል፣ በሙጫ ያጣብቃል፣ በቀጭን ብሩሽ ይቀባል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ወደዚያች ክፍል ሌላ ሰው ገብቶ አያውቅም። አቧራውን እንኳ የሚጠርገው ራሱ ነው።

"ክፍሉን ብትለቅላት ቅር ይልሃል?" አለችው ሚስቱ።

"እህትሽ አይደለች እንዴ? ለኔ ኮሪደሩም ይበቃኛል።"

እውነትም ጠረጴዛውን ተሸክሞ ከመታጠቢያ ቤቱ በር አጠገብ አስቀመጠው። ሰው ባለፈ ቁጥር ተነስቶ ወንበሩን ይስባል። አንድ ቀን አጉረምርሞ አያውቅም። ሚስቱ መሥሪያ ቤቷ ሄዳ ስለ ባሏ ጥሩነት አፏን ሞልታ አወራች።

ታናሽየው ሳቂታ ናት። አንድ ቅዳሜ ባልየው የጀመረውን አውሮፕላን ለሙከራ በፕላስተር አያይዞ በሦስት ጎማው ሊያቆመው ሲል፣ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ወደ ላይ ቀስሮ በጭራው ዘጭ አለ።

"ውይ ጋሼ፣ ደክሞት ቁጭ አለ እኮ" አለች ታናሽየው።

እህትማማቾቹ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ባልየውም ፈገግ አለ። "ገና አላለቀም፤ አፍንጫው ቀሎት ነው" አለና ፕላስተሩን ላጠው።

ስምንት ወር እንዲህ አለፈ። ስለ ቤት ፍለጋ የሚያነሳ ጠፋ። ታላቅየው "ከእንግዲህ የትም አትሄጂም፤ እዚሁ ነው የምትኖሪው" ብላ ነገሩን ዘጋችው።

እናታቸው ስትሞት የተወችላቸው አንድ ሰፊ የወርቅ ቀለበት ነበር። በመጨረሻ ሕመሟ ጣቷ አብጦ አልወጣ ሲል ሐኪም ቤት ቀለበቱን አንድ ጎኑ ላይ ቆርጠው ነው ያወጡት። ስለዚህ ማንም አያጠልቀውም። በጥጥ ተጠቅልሎ ታላቅየው ክርና አዝራር በምታኖርበት ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጣል። እናታቸው ትዝ ስትላቸው አውጥተው በየተራ መዳፋቸው ላይ ያደርጉታል። ታናሽየው አንዴ "እማዬ እኮ ለኔ ነበር ያለችው" ብላ ነበር። ያኔ ተሳስቀው አለፉት።

አንድ ሐሙስ ታላቅየው አዝራር ልትተክል ቆርቆሮውን ስትከፍት ጥጡ ብቻውን ተቀምጧል።

ፍራሽ ተገለበጠ፤ ቁም ሣጥን ተራገፈ። ባልየው ሳይቀር በጉልበቱ ተንበርክኮ ኮሪደሩን በእጅ ባትሪ ፈተሸ።

"ሰው ከመጠርጠርሽ በፊት ደህና አድርገሽ ፈልጊ" አላት።

"እኔ ማንን ጠረጠርኩ?"

ባትሪውን አጥፍቶ ተነሳ። ንግግሩ ግን ሆዷ ገባ። ሁለት ቀን ስታብሰለስል ሰንብታ በሦስተኛው ያዘችው። "የምታውቀው ነገር አለ። ንገረኝ።"

"ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር" አለ አንገቱን ደፍቶ። "ማክሰኞ ዕለት ቆርቆሮሽን ከፍታ አይቻታለሁ። መርፌ ፈልጋ ይሆናላ። በክፉ አትይባት።"

ልብስ ሰፊ መርፌ ከሰው ቆርቆሮ ትፈልጋለች? ታላቅየው ተነስታ ወደ እህቷ ክፍል ገባች።

"እኔን ነው እትዬ?" አለች ታናሽየው ስትጠየቅ። ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ገና አልጠፋም ነበር።

"ለኔ ነበር ያለችው ብለሽ የለ?"

"ብያለሁ። ታዲያ ካንቺ ልሰርቅ ነው?"

"ቀለበቱን አስቀምጪና ውጪልኝ።"

ታናሽየው የሚቀመጥ ቀለበት አልነበራትም፤ ሻንጣዎቿን ይዛ ወጣች። ባልየው የስፌት መኪናዋን ተሸክሞ እስከ ታክሲው ሸኛት። "አይዞሽ፣ ይበርድላታል" አላት።

ታላቅየው ግን አልበረደላትም። ባዳ ቢከዳት ተሳድባ ይወጣላት ነበር። የከዳቻት ግን ፀጉሯን እየጎነጎነች፣ ፊደል እያስቆጠረች ያሳደገቻት እህቷ ናት፤ ያውም በእናታቸው ቀለበት። ሥራ ቦታ ወረቀት እየለየች ሳታስበው እንባዋ ዱብ ይል ነበር።

ባልየው በሳምንቱ ጠረጴዛውን ወደ ክፍሉ መለሰ። ያ በጭራው ዘጭ ያለው አውሮፕላንም አልቆ፣ ግራጫ ተቀብቶ፣ መደርደሪያው ላይ በሦስቱም ጎማው ቀጥ ብሎ ቆመ። "ለኔ ስትይ ይቅር በያት" ይላታል አንዳንዴ። "ብቻ እዚህ ቤት ባትመለስ ይሻላል። የምትጎጂው አንቺ ነሽ።" እንደሱ ያለ ሆደ ሰፊ ሰው ስለሰጣት ፈጣሪን ታመሰግን ነበር።

ዓመት ሊሞላው ሲል ስልክ ተደወለ።

"እትዬ፣ ደህና ነሽ?" አለች ታናሽየው። "ምንም አልፈልግም። ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው።"

ታላቅየው ሳትመልስ ዘጋችው። ባሏ ሥራ ላይ ነው። እግሯ ወደዚያች ክፍል ወሰዳትና የእህቷ አልጋ የነበረበት ቦታ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሲወጣላት ልትነሳ መደርደሪያውን ተደገፈች። መደርደሪያው ተንገዳገደ፤ ግራጫው አውሮፕላን በአፍንጫው ወርዶ ወለሉ ላይ ተሰነጠቀ።

"ዛሬ ጉዴ ፈላ" አለች። እሱ ሳይመጣ ላጣብቀው ብላ ስብርባሪውን ለመልቀም ጎንበስ አለች።

በተሰነጠቀው አፍንጫ ውስጥ፣ ሙጫ እንደያዘው፣ አንድ ጎኑ የተቆረጠ ሰፊ የወርቅ ቀለበት ነበር።