ቀጥ ያሉ ጥርሶች

ዓመቱ ሁለት ሺህ ስምንት ነበር። ሰኔ ያለ ዝናብ አለፈ፤ ነሐሴ ላይ ግን ሳያባራ ዘንቦ ወንዙ ዳርቻውን ናደው።

ከተናደው አፈር ሥር አጽም ወጣ። የወጣት ሴት ነው ተባለ። ልጃቸው ከጠፋች ስድስት ዓመት የሆናቸው ገበሬና ሚስቱ ወደ ወረዳው ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ተጠሩ። የጥርስ ሐኪሙም ልጅቷ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለች የወሰደውን የጥርሷን የጄሶ ቅርጽ ይዞ መጣ።

ያኔ እንዲህ ብሏቸው ነበር፦

"ጥርሶቿ ትልልቅ ናቸው፤ የመንጋጋዋ ቅስት ግን ጠባብ ነው። ከላይ አሥራ አራት፣ ከታች አሥራ አራት አይችልም። ከላይ ሁለት፣ ከታች ሁለት ብንነቅል የቀሩት በሽቦ ታስረው ይሰለፋሉ።"

"ጤነኛ ጥርስ?" አለ አባት።

"በቆሎዎ ሲጠጋጋ አያሳሱትም?"

"በቆሎ ነው እሱ።"

ልጁን እጇን ይዞ ወጣ።

ልጅቷ አፏን በእጇ ከልላ እየሳቀች አደገች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ከአባቷ ተጣልታ ከተማ ገባች። ሁለት ዓመት ለእናቷ ብቻ ስትደውል ቆየች። "ስመጣ አታውቂኝም" እያለች ትቀልድ ነበር። ከዚያ ድምጿ ጠፋ።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አጽሙን የሸፈነውን ነጭ ጨርቅ ገለጠው። በመንጋጋው ላይ ጥርሶቹ ቀጥ ብለው ተሰልፈዋል።

"አይደለችም!" ብላ ጮኸች እናት። "የኔ ልጅ ጥርስ እኮ አንዱ አንዱ ላይ የወጣ ነው! አንተዬ፣ እይ እንጂ! ይህችማ የሰው ልጅ ናት። እናቷን ፈጣሪ ያጽናት።"

አባት በሬ ሲገዛ እንደሚያደርገው ጎንበስ ብሎ ጥርሶቹን ቆጠረ። ከላይ አሥራ ሁለት፤ ከታች አሥራ ሁለት። ደግሞ ቆጠረ።

ሐኪሙ መለኪያውን አውጥቶ የጥርሶቹን ስፋት ከጄሶው ጋር ማስተያየት ጀመረ።

"ይተዉት፣ ዶክተር" አለ አባት። "እናት አትሳሳትም።"

ሐኪሙ ቀና ብሎ አየው፤ መለኪያውንም ወደ ኪሱ መለሰ።

ወደ ቤት ሲመለሱ እናት መንገዱን ሙሉ አወራች። ስድስት ዓመት እንዲህ አውርታ አታውቅም።

"ስትመጣ ይቅርታ የምትላት አንተ ነህ፤ ሰማኸኝ?"

"እሺ።"

"እሺ? ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች! አንተም እሺ ታውቃለህ?"

ከት ብላ ሳቀች። እሱ ፊቱን ወደ ማሳው አዞረ።

በማግስቱ "ቦይ ልጠርግ ነው" ብሏት ዶማውን በትከሻው አድርጎ ወጣ። ጽሕፈት ቤቱ ሲከፈት በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

"ምን ፈልገው ነው፣ አባባ?" አለው ኃላፊው።

"ልጄን ስጡኝ" አለ።