መሪውን ልቀቀው

ጎማውን ግራና ቀኝ ይዛ ትነቀንቀዋለች። ቋ ይላል። ደግማ ትነቀንቀዋለች፤ ቋ። ፈገግ ትላለች።

«አለ አይደል?» ይላል አባቷ አጠገቧ ቆሞ። «መሪው ይንቀጠቀጣል ስል ማን ሰማኝ?»

«አለ አባዬ። ቴስቲኒው አልቋል። መሪውና ጎማው የሚገናኙበት፣ እሱ።»

«አርጅታለች ብቻ እንዳትዪ። ትሰማሻለች።»

መኪናዋ የፊት ጎማዎቿ አየር ላይ ተንጠልጥለው በብረት መደገፊያ ላይ ቆማለች። አባቷ የሰፈሩን ልጆች ትምህርት ቤት ሲያደርስ ነው የሰነበተው። ባለፈው ሳምንት መኪናዋ ወደ መንገዱ ጠርዝ ሄድ ብላ ተመለሰች፤ ከልጆቹ የአንዱ እናት በር ላይ ሆና ታይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ በእግራቸው ይሄዳሉ። አባቷ ወላጆቹን አንድ በአንድ አነጋግሯል። ልጄ መካኒክ ናት፣ አይታ ደህና ነው ካለች ሰኞ እጀምራለሁ፣ ካላለች ቁልፉን ለእሷ አስረክባለሁ ብሏቸዋል። የመጨረሻዋን ሲናገር ይስቅ እንደነበር ሰምታለች።

ስለዚህ ያለቀ ዕቃ ባገኘች ቁጥር ደስ ይላታል። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛ ስትገፋው ደግሞ የታችኛው ቦል ጆይንት፣ ጎማው የሚዞርበት መገጣጠሚያ፣ ይላወሳል። የላስቲክ ሽፋኑ ተቀዶ፣ ግራሶው ውስጥ አሸዋ ገብቷል። እንዲህ ያለ መኪና ያመጣ ደንበኛ ከእሷ ጋር አይስማማም። ዛሬ ግን አባቷን ልታቅፈው ምንም አልቀራት።

አባቷ ጎንበስ ብሎ ባትሪ ያበራላታል። ብርሃኑ ከቴስቲኒው ዳዶ ላይ ይንሸራተታል፣ ይመለሳል፣ ይንሸራተታል። ባትሪውን ተቀብላ ጡብ ላይ ታስደግፈዋለች። ወገብህን እንዳያምህ ነው ትለዋለች።

ጎማውን ታወልቃለች። ዳዶውን ትፈታና ቴስቲኒው እስኪለቅ ድረስ የተሰካበትን ብረት ከጎኑ በመዶሻ ትመታዋለች። የወጣው ቴስቲኒ እንደ ላላ ጥርስ ነው፤ ሲነኩት ወዲያና ወዲህ ይላል። አባቷ ተቀብሎ ያገላብጠዋል፤ ለዚያች ሴትዮ አሳያታለሁ ብሎ ኪሱ ይከተዋል። አዲሱ ግትር ነው፣ ጨክነው ካልገፉት አይዞርም። ቦል ጆይንቱን ትቀይራለች። የወዲያኛውንም ጎን እንዲሁ፤ አንዱን አዲስ አንዱን አሮጌ አድርጎ መተው አትወድም። ጎማዎቹን መልሳ ትነቀንቃቸዋለች። ግራና ቀኝ። ላይና ታች። ድምፅ የለም።

አንድ ፍተሻ ይቀራል። ሁሌም ሰው መሪው ላይ ታስቀምጥና ከሥር ገብታ አዲሱን ዕቃ በጣቷ ትነካዋለች። ዓይን የሚያልፈውን ልቅነት ጣት ያገኘዋል።

«ግባ አባዬ። ሞተር እንዳታስነሳ። ወደ ግራ። ወደ ቀኝ። በቃ፣ ቀጥ አድርገህ ያዘው።»

ጎማው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከጣቷ ሥር ግን ብረቱ ይርገበገባል፤ በስሱ፣ ሳያቋርጥ፣ ከግድግዳ ወዲያ እንደሚሠራ ማቀዝቀዣ።

መጀመሪያ የራሷን ሥራ ትጠራጠራለች። ዳዶውን በቁልፍ ትሞክረዋለች፤ ጠብቋል። ሞተሩ ጠፍቷል። ጆሮዋን ወደ መንገዱ ትሰጣለች፤ የሚያልፍ መኪና የለም።

«እስቲ መሪውን ልቀቀው።»

ብረቱ ጸጥ ይላል።

«ያዘው።»

ይመለሳል።

«ልቀቀው።»

ከሥር ባነጠፈችው ካርቶን ላይ በጀርባዋ እንደተኛች ሌላ ምክንያት ትፈልጋለች። የመሪውን ዘንግ ታስባለች፤ የጎማውን ኩሽኔታ ታስባለች። ሰው እጁን ሲያነሳ የሚተው ብልሽት ግን አታውቅም። አሮጌው ቴስቲኒ ልል ስለነበረ ይህን ሁሉ ይውጠው ነበር። አሁን የሚውጠው የለም፤ ከአባቷ እጅ የተነሳው ንዝረት ሁሉ ጎማው ድረስ ይሄዳል።

አባቷ ከላይ ቀስ ብሎ «አገኘሽው?» ይላል።

«ቴስቲኒው ደህና ነው» ትላለች። «ቦል ጆይንቱም ደህና ነው። መኪናዋ ምንም የላትም አባዬ።»

«እሱን ነበር የፈራሁት።»

በሩ ይከፈታል። ጫማዎቹ ከመኪናዋ ፊት ለፊት ቀስ ብለው ሲያልፉ ከሥር ታያቸዋለች። በወዲያኛው ጎን ሌላ በር ተከፍቶ ይዘጋል። የቀበቶው ምላስ መቆለፊያውን ሲስት፣ ደግሞ ሲስት፣ በመጨረሻ ጠቅ ሲል ትሰማለች።

እጇን ጠራርጋ ስትወጣ አባቷ ፊቱን ወደፊት አድርጎ ተቀምጧል፤ እጆቹ ጉልበቶቹ መሀል ናቸው። ቁልፉ ባዶው የሾፌር ወንበር ላይ ነው።