የትርንጎ ምላስ

በዚያ ዘመን ሕግ መማር የፈለገ ሁሉ ከምላሱ አንድ ነገር አስረክቦ ነበር የሚገባው። ሐይቁ ዳር ያለው ዝነኛ ትምህርት ቤት ውሸትን ይወስዳል፤ ተራራው ላይ ያለው ደግሞ ስድብን። ትርንጎን ሁለቱም ተቀብለዋታል።

መምህር ደጅ ሳትረግጥ ሕጉን ከመጽሐፍ ለቅማ የተማረችው ትርንጎ አላመነታችም። «ስድቤንማ አልሰጥም! ውሸት የፈሪ ነው» አለችና፣ የሐይቁ ትምህርት ቤት የላከላትን፣ ውሸትን ለአንድ ቀን የሚወስድ መሞከሪያ ፕላስተር ከጆሮዋ ሥር ለጥፋ ምሳ ቀረበች።

እናቷ ወይዘሮ አሰገደች ሽሮውን አወጡ። ከታመሙ ወዲህ ጣዕም አይለዩም፤ እንደ ወትሯቸው «ጨው በዛ እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ትርንጎም እንደ ወትሮዋ «ልክ ነው» ልትል አፏን ከፈተች።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ጨው ነው ያበላሽኝ፣ እማዬ።»

የእናቷ ጭልፋ አየር ላይ ቀረ። «ሁለት ዓመት? እኔ እኮ ጎረቤቱን ሁሉ ስጋብዝ ነው የከረምኩት...» ድምፃቸው ተሰበረ።

ትርንጎ ፕላስተሩን ከነፀጉሯ መነጨቀችው። «ቀልዴን ነው! ልክ ነው፤ ይኸው እየበላሁ!»

«አንቺ ባለጌ! ልቤን ልታቆሚው ነበር እኮ!»

ትርንጎ እዚያው ገበታው ላይ በግራ እጇ ስልኳን አንስታ ለተራራው «እመጣለሁ» ብላ ጻፈች። ስድቧ እስኪወሰድ ሦስት ሳምንት ስለቀራት፣ ለሐይቁ የላከችው የእምቢታ ደብዳቤ ሁለት ገጽ ሞላ።

«ልጨምርልሽ?» አሉ እናቷ።

«ጨምሪልኝ» አለች፣ የውኃውን ጆግ ወደ ራሷ እየሳበች።